ዳታቤዛችሁ ከማን ጋር ነው የሚኖረው? የዳታቤዝ ፋይልን በጋራ ድራይቭ ላይ ስለማስቀመጥ

የዛሬው ትምህርት ስለ ዳታቤዝ ፋይሎች መቀመጫ ነው። ዳታቤዙ ያለበት ድራይቭ ላይ ሌሎች ፕሮግራሞችም የሚጽፉ ከሆነ ምን ይፈጠራል? መፍትሔውስ ምንድን ነው? ርእሱ ደረቅ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነው፤ ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

ነገሩ እንዴት ሆነ?

እዚህ ለንደን ውስጥ የአንድ እድር አባል ነኝ። ወደ 200 ቤተሰቦች ነን። በየወሩ እናዋጣለን፤ ሰው ሲሞት እድሩ ለቀብሩ ወይም አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ይደርሳል። መዝገቡ ለብዙ ዓመታት በደብተር ነበር የሚያዘው። ኮምፒዩተር የምነካካው እኔ ስለሆንኩ በአማርኛ የሚሠራ ትንሽ የአባላት መመዝገቢያ ፕሮግራም ጻፍኩላቸው። ከሥሩ ያለው ዳታቤዝ ነፃው ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ነው። ኮምፒዩተሩ ፊንስበሪ ፓርክ አካባቢ በሳምንት አንድ ቀን በምንከራየው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፣ 256 ጊጋባይት ዲስክ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር። ያለው ሲ ድራይቭ ብቻ ነው። ዊንዶውሱም፣ ዳታቤዙም፣ የሁሉም ሰው ፎቶና ሰነድም እዚያው ላይ ነበር።

ገናን አብረን አከበርን። ወጣቶቹ በዓሉን በፎር ኬ ቪዲዮ ቀረጹና ለማቀናበር ወደዚያው ኮምፒዩተር ገለበጡት። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀረጽ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይይዛል፤ የሦስት ሰዓቱ 135 ጊጋባይት ማለት ነው። ድራይቩ ጢም ብሎ ሞላ። ቀዩን ምልክት ሁላችንም አይተነዋል። የእድሩን መዝገብ ይነካል ብሎ ያሰበ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ አንድ አባላችን መጥተው የስድስት ወር ውዝፋቸውን በአንድ ጊዜ ከፈሉ። ገንዘብ ያዣችን አስገቡት፤ ፕሮግራሙም «ተመዝግቧል» አላቸው። ደረሰኝ ቆርጠው ሰጡ። ከ12 ቀን በኋላ እኚያ አባል በድንገት አረፉ።

በመተዳደሪያ ደንባችን ከሦስት ወር በላይ ያልከፈለ አባል እድሩ አይደርስለትም። ዳኛው ዝርዝሩን ሲያወጡ ከሟቹ ስም አጠገብ «የስድስት ወር ውዝፍ» የሚል ተጽፏል። ለቅሶ ላይ ያለ ቤተሰብ ዘንድ ሄዶ «ባለቤትሽ አልከፈሉም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባለቤታቸው ደረሰኙን ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ደብተሩ እንዲህ አድርጎን አያውቅም» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ኋላ ከደረሰኝ ጥራዞቹ ጋር ስናመሳክር የጠፋው የእሳቸው ክፍያ ብቻ አልነበረም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ 17 ክፍያዎች ዳታቤዙ ውስጥ አልገቡም።

ጥፋቱ የማን ነበር?

የዳታቤዛችን ፋይል 60 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ኤስኪውኤል ሰርቨር ከ2016 ዕትም ወዲህ ፋይሉ ሲሞላ በነባሪው አሠራር በአንድ ጊዜ 64 ሜጋባይት ጨምሮ ያሰፋዋል። ድራይቩ ላይ የቀረው ቦታ ከዚያ ያነሰ ስለነበር ማስፋት አልቻለም። ስለዚህ እያንዳንዱን አዲስ ክፍያ «ቦታ የለኝም» ብሎ ይመልሰዋል። የስሕተት ቁጥሩ 1105 ነው። የቆዩትን መረጃዎች ማንበብ ግን ያለ ችግር ይቻላል፤ ለዚህ ነው ማንም ያልነቃው።

ዳታቤዙ ትክክል ነበር፤ መጻፍ ስላልቻለ አልቻልኩም ብሏል። የዋሸው የእኔ ፕሮግራም ነው። ስሕተቱን ተቀብሎ ዝም ካለ በኋላ «ተመዝግቧል» ብሎ አሳየ። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መዝገቡን ያለ አንድ ጠባቂ ሰው ሁሉ ዕቃውን ከሚያራግፍበት ቦታ ማስቀመጤ ነው።

ዳታቤዝ እንደ ሌላ ፋይል አይደለም

የወርድ ሰነድ ትከፍታላችሁ፣ ታስተካክላላችሁ፣ አስቀምጣችሁ ትዘጋላችሁ። የዳታቤዝ ፋይል ግን አይዘጋም። ሰርቨሩ እስከሠራ ድረስ ክፍት ነው፤ ከውስጡም ትንንሽ ገጾች በየጊዜው ይነበባሉ፣ ይጻፋሉ። በኤስኪውኤል ሰርቨርና በፖስትግሬስ አንድ ገጽ 8 ኪሎባይት ነው። በማይኤስኪውኤል ኢኖዲቢ በነባሪው 16 ኪሎባይት ነው።

ከዚህ ሌላ ዳታቤዝ ቃል ይገባል። «ኮሚት ሆኗል» ሲላችሁ መብራት ቢጠፋ እንኳ ጽሑፉ አይጠፋም ማለቱ ነው። ይህን ቃል የሚጠብቀው በሎግ ፋይሉ ነው፤ ለውጡን መጀመሪያ እዚያ ጽፎ ዲስኩ ላይ መድረሱን ያረጋግጣል፣ ዋናውን ፋይል ቀስ ብሎ ያስተካክላል። እንግዲህ የዳታቤዙ ታማኝነት የተንጠለጠለው በዲስኩ ላይ ነው። ዲስኩን ከሌላ ጋር ስንጋራ ቀጥሎ ያሉትን አራት ነገሮች አብረን እንጋራለን።

1. ቦታ

የኛ ችግር ይህ ነበር። ቪዲዮ ብቻ ሳይሆን የዊንዶውስ ማሻሻያ፣ የሌላ ፕሮግራም ሎግ፣ ያልተሰረዘ የቆየ ባክአፕ ሁሉ ቦታ ይበላል። ዳታቤዞች ቦታ ሲያጡ የሚያሳዩት ጠባይም ይለያያል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ዋናው ፋይል ማደግ ሲያቅተው 1105፣ ሎጉ ሲሞላ ደግሞ 9002 የሚል ስሕተት ይሰጣል። ፖስትግሬስ ሎጉን የሚጽፍበት ቦታ ካለቀ ጨርሶ ሥራውን ያቆማል።

2. ፍጥነት

በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የሚያነበው ራስ አንድ ክንድ ላይ ነው ያለው። አንዱ ፕሮግራም ትልቅ ቪዲዮ ሲገለብጥ ዳታቤዙ ደግሞ ከተለያየ ቦታ ትንንሽ ገጽ ሲጠይቅ ክንዱ ወዲያና ወዲህ ሲራወጥ ይውላል፤ ሁለቱም ይዘገያሉ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው በእጅጉ ይሻላል፤ ቢሆንም ወረፋው የጋራ ነው፣ ሊሞላ ሲቃረብም ብዙዎቹ ይዘገያሉ። ኤስኪውኤል ሰርቨር አንድ የዲስክ ጥያቄ ከ15 ሰከንድ በላይ ሲቆይበት በስሕተት መዝገቡ ላይ ቁጥር 833 ብሎ ይጽፋል። ይህን ካያችሁ ኮዳችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ከጎኑ ማን እየጻፈ እንደሆነ ተመልከቱ።

3. የሌላ ሰው እጅ

ድራይቩ ላይ ያሉ ሌሎች ፕሮግራሞች ፋይላችሁን ሊነኩት ይችላሉ። አንቲቫይረስ ይፈትሸዋል፤ ሲፈትሽ ይይዘዋል፣ አንዳንዴም ጠርጥሮ ያግደዋል። ማይክሮሶፍት ራሱ የኤስኪውኤል ሰርቨርን የዳታ፣ የሎግና የባክአፕ ፋይሎች ከአንቲቫይረስ ፍተሻ ውጭ አድርጉ ብሎ ይመክራል። ሰውም ይነካል፤ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ስሙን የማያውቀውን ፋይል የሚሰርዝ ሰው በየቢሮው አይጠፋም።

ከሁሉ የከፋው ግን ፋይሎችን ከደመና ጋር የሚያመሳስለው ፕሮግራም ነው። አንዱ የማውቀው ወዳጄ የልጆች የአማርኛ ትምህርት መዝገብን በኤስኪውላይት ሠርቶ፣ በሁለት ላፕቶፕ ለመጠቀም ሲል ፋይሉን በሚመሳሰል ፎልደር ውስጥ አኖረው። ሁለት አስተማሪዎች በአንድ ቅዳሜ ሲጽፉ ፕሮግራሙ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ፈጠረ፤ ግማሹ ክፍል በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ቀረ። ኤስኪውላይት ከዋናው ፋይል ጎን «ጆርናል» ወይም «ዋል» የሚባል አጋዥ ፋይል ይኖረዋል። ዋናው ብቻውን ተገልብጦ አጋዡ ከቀረ መረጃው ሊበላሽ ይችላል። የ«ዋል» አሠራር ደግሞ ሁሉም ተጠቃሚ ፕሮግራሞች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ በኔትዎርክ ድራይቭ ላይ አይሠራም።

4. ሞት

ዲስኩ ከሞተ ሁሉም አብሮ ይሞታል። ባክአፓችሁም እዚያው ላይ ከነበረ ባክአፕ አልነበራችሁም ማለት ነው።

ሲ እና ዲ ሁለት ዲስክ ናቸው?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አንድ ዲስክ ተከፍሎ ሲ እና ዲ ሊባል ይችላል። እንዲህ ሲሆን ቦታው ብቻ ይለያያል፤ ሲ ቢሞላ ዲ አይሞላም። ፍጥነቱና ሞቱ ግን የጋራ እንደሆነ ይቀራል። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ክፍል እንደ መከራየት ነው፤ ክፍሉ የየራሳችሁ ነው፣ ጣሪያው ካፈሰሰ ግን ለሁለታችሁም ነው። በዊንዶውስ «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን ከፍታችሁ ፊደሎቹ በአንድ ዲስክ መስመር ላይ መሆናቸውን ወይም አለመሆናቸውን አረጋግጡ።

ትልልቆቹም ላይ ደርሷል

ይህ የአሮጌ ዴስክቶፕ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2023 ቶዮታ ጃፓን ውስጥ ያሉት 14 የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካዎቹ ሥራ አቆሙ። ኩባንያው በኋላ ምክንያቱን ተናገረ። ኦገስት 27 በተደረገ መደበኛ ጥገና በዳታቤዝ ውስጥ የተጠራቀመ መረጃ ሲሰረዝና ሲደራጅ የዲስክ ቦታ አልበቃም፤ የመለዋወጫ ትእዛዝ የሚያስተናግዱት ሰርቨሮች ቆሙ። ተጠባባቂ ሰርቨሮችም ነበሩ፤ ይሁን እንጂ በዚያው ሲስተም ላይ ስለሚሠሩ እነሱም በተመሳሳይ ችግር ወደቁ። የተፈታው መረጃው ሰፋ ያለ ቦታ ወዳለው ሰርቨር ሲዛወር ነው።

ልብ በሉ፤ መረጃ መሰረዝም ቦታ ይጠይቃል። ስረዛውም መጀመሪያ ሎግ ላይ ይጻፋልና። ስለዚህ «ሲሞላ ትንሽ እንሰርዛለን» ማለት እቅድ አይደለም።

ሁልጊዜ መለየት አለበት?

አይደለም። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ በየዕለቱ ዳታቤዝ ከፎቶና ከቪዲዮ ጋር በአንድ ማከማቻ ላይ ያስቀምጣል፤ አንድሮይድም አይፎንም በኤስኪውላይት የተሞሉ ናቸው። በደንብ የተጻፈ አፕ ቦታ ሲያልቅ ያንን ለተጠቃሚው ይነግራል፤ ግማሽ ጽሑፍም አይተውም። መጋራቱ ራሱ ኃጢአት አይደለም። አደጋው መጋራታችንን ሳናውቅ፣ ሳንለካና ሳንጠነቀቅ ሲሆን ነው።

እኛ ያደረግነው

በእድራችን የወሰድናቸውን እርምጃዎች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ። ለሱቅ፣ ለክሊኒክ ወይም ለትንሽ ቢሮም ይሆናሉ።

ሀ. መጀመሪያ ባክአፕ ወሰድን። ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ወደ ሌላ ዲስክ ባክአፕ አድርጉ።

ለ. የሚያስፈልገንን ቦታ አሰላን። 200 ቤተሰብ በዓመት 12 ጊዜ ለ10 ዓመት ቢከፍል 24,000 መስመር ይሆናል። አንዱ መስመር 200 ባይት ቢይዝ በድምሩ ከ5 ሜጋባይት አይበልጥም። ስታሰሉ የፊደላችንን ጠባይ አትርሱ፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፣ በኤስኪውኤል ሰርቨር ኤንቫርቻር ዓይነት ደግሞ ሁለት ባይት። በእንግሊዝኛ ስም የተሠራ ግምት ለአማርኛ ስም አይበቃም።

ሐ. ቦታውን አስቀድመን ያዝን። ከሁሉ የሚጠቅመው እርምጃ ይህ ነው። በማኔጅመንት ስቱዲዮ ዳታቤዙ ላይ በቀኝ ተጫኑ፤ «ፕሮፐርቲስ» ከዚያ «ፋይልስ» ውስጥ ገብታችሁ የመነሻ መጠኑን አሳድጉ። እኛ ለዳታ ፋይሉ 1 ጊጋባይት፣ ለሎጉ 512 ሜጋባይት ሰጠነው። ፋይሉ ቦታውን አንዴ ከያዘ ሌላው ድራይቩን ቢሞላውም የዳታቤዙን ድርሻ አይነካበትም። ይህን በመጀመሪያው ቀን አድርጌው ቢሆን ኖሮ 17ቱ ክፍያዎች ባልጠፉ ነበር። ኤክስፕረስ እስከ 2022 ዕትም ድረስ የአንድን ዳታቤዝ ዳታ በ10 ጊጋባይት እንደሚገድብም አስታውሱ።

መ. ወደ ራሱ ዲስክ አዛወርነው። ትንሽ ሁለተኛ ኤስኤስዲ ገዝተን ዳታቤዙን ብቻ እዚያ አስቀመጥን። ስታዛውሩ ለሰርቨሩ አዲሱን ቦታ ንገሩት፣ ዳታቤዙን ከሥራ ውጭ አድርጉ፣ ፋይሎቹን ውሰዱ፣ ከዚያ መልሳችሁ አስነሡ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ የኤስኪውኤል ሰርቨር አገልግሎት የሚሠራበት አካውንት በአዲሱ ፎልደር ላይ ሙሉ ፈቃድ ከሌለው ዳታቤዙ አይነሣም። ሁለተኛ ዲስክ መግዛት ካልተቻለ ያለውን ዲስክ ከፍላችሁ 20 ጊጋባይት ለዳታቤዝ ብቻ መስጠት ትችላላችሁ። ቦታውን ያድናል፤ ፍጥነቱንና ሞቱን ግን አያድንም። በዩኤስቢ በሚሰካ ዲስክ ላይ የሚሠራ ዳታቤዝ አታስቀምጡ፤ አንድ ልጅ ነቅሎት ሊሄድ ይችላል።

ሠ. በሩን ዘጋን። በአዲሱ ድራይቭ ላይ ተራ ተጠቃሚዎች እንዳይጽፉ ፈቃዱን አነሣን። የዳታቤዝ ፋይሎቹንም ከአንቲቫይረስ ፍተሻ አወጣን፤ መላውን ድራይቭ ግን አይደለም።

ረ. ፕሮግራሙ እውነቱን እንዲናገር አደረግን። አሁን ክፍያ ካልተጻፈ በትልቁ በቀይ «አልተመዘገበም! ደረሰኝ አትቁረጡ» ይላል። የቀረው ቦታ ከ20 በመቶ ሲያንስም ኢሜይል ይልክልኛል።

ሰ. ባክአፑን ወደ ሌላ ቦታ ላክን። ኤክስፕረስ የራሱ የጊዜ ሰሌዳ አስያዥ ስለሌለው በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ሌሊት ሌሊት እንዲሠራ አደረግን። የተጠናቀቀ ባክአፕ ዝግ ፋይል ስለሆነ ወደ ደመና ቢመሳሰል ችግር የለውም። ሕያዉ ዳታቤዝ አይመሳሰልም፤ ፎቶው ግን ይላካል ብላችሁ ያዙት። የሰዎች ስምና ስልክ ስላለበት በይለፍ ቃል ቆልፉት። በየሦስት ወሩም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መልሰን እንከፍተዋለን፤ ያልተሞከረ ባክአፕ ተስፋ እንጂ ባክአፕ አይደለም።

እንግሊዝ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ አገር የመረጃ ጥበቃ ሕግ የግለሰቦች መረጃ መሰረቁ ብቻ ሳይሆን በስሕተት መጥፋቱም እንደ ጥሰት ይቆጠራል። በሰዎቹ ላይ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ከሆነ ባወቃችሁ በ72 ሰዓት ውስጥ ለመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪው አካል ማሳወቅ ይጠበቅባችኋል። «ትንሽ እድር ነን» ማለት አያድንም።

ለማጠቃለል

ዳታቤዝ ስታቆሙ ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። ከዚህ ፋይል ጋር በአንድ ዲስክ ላይ ማን ይጽፋል? ድራይቩ ዛሬ ማታ ቢሞላ ፕሮግራሜ ምን ይላል? ዲስኩ ነገ ቢሞት መረጃው ሌላ የት አለ? ሦስቱን በልበ ሙሉነት መመለስ ካልቻላችሁ ዛሬውኑ ተነሡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንባችሁ፤ እኔ ላይ ሆኗል።

ሟቹ አባላችን እድሩ ደርሶላቸው በክብር ተሸኙ። ገንዘብ ያዣችን ግን እስካሁን ድረስ እያንዳንዱን ክፍያ በኮምፒዩተሩ ካስገቡ በኋላ በደብተርም ይጽፉታል። እኔም ተዉት አላልኳቸውም።